ባቄላው የሚወድቅበት ቁመት

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺን እኮ እግርሽ ነው የሚያስተዳድርሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህማ የገጠሩን ቤት በሰንሰለት ዘግቼ ከልጅ ወደ ልጅ እዞራለሁ። ድብ ባሕር ከተዳረችው ልጄ ዘንድ እከርምና ሙቀቱ ሲሰለቸኝ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ እወጣለሁ። ደባርቅ ደግሞ ብርዱ ጉልበቴን ሲይዘኝ ዳባት ዘመዶቼ ዘንድ እወርዳለሁ። የመኪናው ረዳቶች ያውቁኛል። «እማማ ደግሞ ዛሬ ማንን ሊቆጣጠሩ ነው?» ይሉኛል። ማንንም አልቆጣጠር። ሰው የሞተበት ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ግድግዳው ይጠጋል፤ መንገድ ላይ ግን አይጠጋም፤ ይኸው ነው ምክንያቴ።

ደባርቅ ያለው የመጨረሻው ልጄ ነው። ከአንድ ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ትዳር አልያዘም። ቀድሞ በቅሎ ጫኝ ነበር፤ ተራራ ሊያዩ የሚመጡትን እንግዶች ጓዝ እየጫነ ጨነቅ እስከሚባለው ማደሪያ ይመላለስ ነበር፤ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበር። አሁን ከክፍሉ አይወጣም። ለውኃ ይወጣል፤ ለሽንት ይወጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። በቅሎውን ለጓደኞቹ ሰጠ። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሲያናግሩት አንገቱን እንደ ወፍ ያዞራል።

እኔ ከሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባባቱና በወንድሙ መቃብር ላይ አንድ ጊዜ እንዲቆም። ሙት ዓመታቸው አንድ ቀን ነው፤ ባንድ ቀን ስለተቀበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ያገሩን አፈር አልረገጠም። እርሻው ጦሙን ያድራል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ ይኸ ሁሉ ይሁን። ግን ልጅ ያባቱን መቃብር ከፈራ የት ሄዶ ያርፋል እያልሁ አስብ ነበር።

የሆነውን ልናገር፤ ካልተናገርሁት የሚቀጥለው አይገባም።

ባለቤቴ የሞተው በሕመም ነው፤ በአልጋው ላይ፣ ንስሐ አባቱ ከራስጌው ቁመው። ደኅና ሞት ነበር። አገሩ ግን በጦርነት ላይ ነበረ። ከኛ መንደር ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ማዶ ባለው ተረተር ላይ መድፍ እንደተጠመደ ሁሉም ያውቅ ነበር። በኛ አገር ደግሞ የከበረ ሰው ሲቀበር ጠመንጃ ይተኮስለታል። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ በየምዕራፉ ይቆማል፤ ቀሳውስቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ወንዶች ይተኩሳሉ፤ ከዚያ ቃሬዛው ይነሣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። እንዲያ ነው ያየነው፣ እንዲያ ነው የቀበርነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሽማግሌዎች ደጃፌ ላይ ተከራክረው ነበር። አንደኛው «ዛሬስ ዝም ብለን እንቅበረው፣ ማዶ ሰው አለ» አሉ።

ሌላኛው «ይኸን ሰው? እንደ ሌባ ተደብቆ ይቀበር?» አሉ።

«የሞተው እኮ አይሰማም።»

«እኛስ? እኛ ነገ ምን ብለን እንተያያለን?»

ጠመንጃዎቹ ወጡ። ትንሹ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ጠመንጃውን ይዞ ዳር ዳሩን ተሰለፈ። ታላቁ ልጄ ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል በትከሻው ያዘ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተኮሱ። ድምፁ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንድ ነገር በላያችን እያፏጨ አለፈና ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ማሳ ላይ ወደቀ። ሰዉ ቀና ብሎ አየ። «ወደ ሌላ ነው የተኮሱት» ተባለ። ፍትሐቱ አልተቋረጠም። ሁለተኛው ከኛ በታች ገደሉ ውስጥ ወደቀ። ያን ጊዜ ጥቂት ሴቶች ጮኹ፤ ግን ቃሬዛው ትከሻ ላይ ነው። ቃሬዛ የያዘ ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ሲወድቅ ድምፁን አልሰማሁትም። ብቻ አቧራ ሆነ።

ሌላውን ተዉት። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀበሩ። ሌሎችም ነበሩ። የሌሎቹን እናቶቻቸው ይናገሩ።

እንግዲህ ልጄ ደባርቅ ገብቶ ከተከተተ በኋላ አንድ ጓደኛ አገኘ። የታሪክ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሹራቡን ከላይ እስከ ታች የሚቆልፍ። የጨዋታ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ይዞ መጥቶ ልጄን የጦርነት ጨዋታ አስለመደው። እኔ ከድብ ባሕር ስወጣ ሁለቱ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የድሮ የፈረንጆች ጦርነት ነው አሉኝ። በረዶ የለበሰ አገር አለ፣ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ሰው አለ። መሳቁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጄ ሲስቅ ማለቴ ነው። በኋላ ሳየው ግን ሳቅ አልነበረም።

«ይኸውልሽ እማየ» አለኝ። «መድፍ ስፈልግ እዚህ እነካለሁ። ተመልከች።» ነካው። ወዲያው፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ፣ ካሳየው ቦታ ላይ ምድሩ ተነሣ። ሰዎቹ እዚያው ቀሩ። ከጎኑ ያለው ቤት ምንም አልሆነም።

«ውሸት ነው» አለ ልጄ።

«ጨዋታ ነው እንጂ» አለ መምህሩ። «መድፉ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ማን ይጫወተዋል? ይሰለቻል።»

«ታዲያ ለምን ታሪካዊ ነው ይላሉ?»

«ልብሱ ታሪካዊ ነው። ቁልፉ ሳይቀር ትክክል ነው።»

«ቁልፉ?»

«የኮቱ ቁልፍ።»

ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ እውነተኛ ሳቅ ነበር። ከዚያ ልጄ «የኮቱን ቁልፍ አስተካክለው መድፉን እንዲህ አድርገው ሠሩት» አለና ፊቱ ተመልሶ ጨለመ። «ጠርቼ ሳልጨርስ ይደርሳል። ካልሁት ቦታ ንቅንቅ አይል። ከመውደቁ በፊት አንድም ማስጠንቀቂያ የለ። እንዲህ ከሆነማ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።»

መምህሩ ቀስ ብሎ «እና እሱ አይሻልም?» አለው።

ልጄ መድፉን ደግሞ ነካው። እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ነው የገባኝ። ልጄ ከዚያ ማሽን ውስጥ የሚፈልገው ጊዜ ነበር። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ጊዜ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ደባርቅ መብራት ሲጠፋ የሚመለስበትን የሚያውቅ የለም። የኮምፒውተሩ ባትሪ አለቀ። ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። መምህሩ መጥቶ አየውና ወጣ፤ ሲመለስ ከገበያ ሽንብራና ባቄላ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ከእኔ ስልቻ ገብስ ለመነኝ። እኔ የምተኛበትን ቁርበት ወለሉ ላይ አነጠፈና ከሥሩ ያረጀ ጨርቅ እየጠቀጠቀ ተራራ አወጣለት። አጥፎ ገደል አደረገለት። «ተነሥ» አለው ልጄን። «አንተ መድፉ ውሸት ነው ብለህ የለ? እንግዲያው እውነቱን እኛ እንሥራው።»

መጀመሪያ የተነሣው ለዚህ ነው። መምህሩን እግዜር ይስጠው ብዬ ነበር። ዛሬም እግዜር ይስጠው እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ጨዋታው የጣሊያን ጊዜ ነው ተባለ። ሽንብራው ተዋጊ ነው፤ ገብሱ የአገሩ ሰው ነው። ባቄላው መድፍ ነው። ደንቡን ሲያወጡ ብዙ ቀን ተጨቃጨቁ፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥሁ እሰማ ነበር። መድፈኛው ራሱ የሚመታውን አያይም፤ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚያይለት ሌላ ሰው አለ፤ እሱ «አለፈ» «አጠረ» እያለ ይመልሰዋል። ይኸን ለማድረግ መምህሩ ዘዴ አወጣ። መጀመሪያ የሚተኩሰውን ባቄላ ቁሞ ከትከሻው ቁመት ይለቀዋል፤ ባቄላው ቁርበቱ ላይ ነጥሮ ከወደቀበት ይወድቃል፤ ማንንም ላያገኝ ይችላል። የሚያየው ሰው ካየለት ሁለተኛውን ተንበርክኮ ከክርኑ ቁመት ይለቀዋል። ሦስተኛውን ከጥፍሩ ጫፍ፣ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው። ከሦስተኛው የሚያመልጥ የለም። በየመሐሉ ግን ማዶ ያሉት አንድ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ይኸ ነው ደንቡ።

«ይኸ ደኅና ነው» አለ ልጄ። «ይኸ እውነት ነው።»

ባቄላው ሲወድቅ «ጧ» ይላል። ከትከሻ የወደቀው አንዳንዴ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። መምህሩ በሆዱ ተኝቶ ሲፈልገው ልጄ «መድፈኛው ጥይት ጨረሰ፣ ይኸም ታሪካዊ ነው» ይለዋል። አንድ ቀን ደግሞ የአከራይዋ ዶሮ በር ተከፍቶ አግኝታ ገባችና ገብሱን በሙሉ፣ ሽንብራውንም እኩሌታ ለቅማ በላችው። መምህሩ ሲመጣ ባዶ ቁርበት ጠበቀው። ባቄላዎቹ ብቻ ማዶ ተረተሩ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ማን ነው ያሸነፈው?» አለ።

«ዶሮዋ» አልሁት።

«እማማ፣ በየትኛው ወገን ነበረች?»

«የበላችበት ወገን ነዋ።»

እንዲህ እየተባባልን ነበር። እንዲህ በመባባል ብቻ ቢቀር ምን ነበረ።

ግን ልጄ ቀስ በቀስ ቁርበቱን ለወጠው። አንድ ቀን ከቲማቲም ጣሳ ትንሽ ቆርቆሮ ቆርጦ ቤት አደረገ። ከፍ ብሎ ክብ ድንጋይ አኖረ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው አለ። ገደሉን በሌላ በኩል አዞረው። እኔ ቁሜ አየሁ።

«በጣሊያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሣር ነበር» አልሁት። «ቆርቆሮ ከየት አመጣህ?»

ቆርቆሮውን በጣቱ አቃና። መምህሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ቤቴን አወቅሁት። ደጄን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ፣ ዳሩን የያዘውን የድንጋይ ካብ፣ ከመታጠፊያው ላይ ያለውን የጥድ ዛፍ፤ ለጥዱ የወይራ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል። ማዶ ተረተሩ ላይ ባቄላው ነበር። የክብሪት እንጨት አንሥቶ ከቆርቆሮው ፊት አስቀመጠ፤ ከዙሪያው ገብስ አፈሰሰ።

«እማየ» አለኝ፣ ደኅናውን ጆሮውን ወደኔ አዙሮ። «ተዋጊ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እኛ እናውቃለን። ለቀስተኛ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አናውቅም። ሰዎቹን አንች ያዥልን።»

እምቢ ማለት ይገባኝ ነበር ይሉኝ ይሆናል። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይኸ የመጀመሪያው ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

ሰዎቹን እንደሄዱ አስኬድኋቸው። ከቤት አወጣኋቸው፣ አቆምኋቸው። ልጄ ጠመንጃውን ተኮሰ፤ በጣቱ ቁርበቱን መታ መታ አደረገ። መምህሩ ቁሞ ባቄላውን ከትከሻው ለቀቀ። አለፈ። የሰዎቹ ተራ ሆነ። አነሣኋቸው፣ ትንሽ አስኬድኋቸው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አቆምኋቸው።

«ለምን አቆምሻቸው?» አለኝ።

«ፍትሐት ነዋ።»

መምህሩ ተንበረከከ። ባቄላው ገደሉ ውስጥ ገባ። ተራዬ ሆነ። ገብሶቹ ተጠጋጉ፤ ሲደነግጡ ሰዎች ወደ ቃሬዛው ይጠጋሉ እንጂ አይሸሹም። እንዳየሁት አደረግሁ። ከዚያ መምህሩ እጁን ዝቅ አደረገ። «ይበቃናል ዛሬ» አለ።

«ልቀቀው» አለው ልጄ።

ለቀቀው።

በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደቀበርናቸው አልቆጠርሁም። ልጄ ጠመንጃ የሚተኩሱትን ከለቀስተኛው አራቀ፤ አልጠቀመም። ቀድሞ እንዲተኩሱ አደረገ፣ ዘግይተው እንዲተኩሱ አደረገ። የሚያየው ሰው ፀሐይ ዓይኑን እንዲወጋው ብሎ ቀኑን ወደ ማለዳ አመጣው። አንድ ጊዜ ጨርሶ አልተኮሰም። መምህሩ ግን «ሰው ተሰብስቧል፣ ያየዋል» አለ።

እኔ ጠየቅሁ። «ያ የሚያየው ሰው፣ ቀብር መሆኑን አያይም?»

ልጄ ገብሶቹን ያስተካክል ጀመር።

«ነጠላችንን ዘቅዝቀን ነበር እኮ የለበስነው» አልሁ። «ጥለቱ ወዴት እንደሆነ ያየ ሰው ሐዘን ላይ መሆናችንን ያውቃል።»

መምህሩ «እማማ፣ ጥለት በዚያ ርቀት አይታይም» አለኝ። በእርጋታ ነው ያለኝ። ደጋግሞም አሰበበት መሰለኝ፤ ቆይቶ «ቢታይም እንጃ» አለ።

ይኸ ነገር ከሁሉም ይልቅ ልቤን ሰበረው። እስከዚያ ድረስ፣ እስቲ ሞኝነቴን እዩ፣ አንድ ሰው በስሕተት ያደረገው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ዓይኑን አጥቦ ደኅና አድርጎ ቢያይ ኖሮ እጁን ይመልስ ነበር እያልሁ። ቁርበቱ ላይ ግን ለሚያይ ሰው የሚሆን ደንብ አለ፣ ለሚራራ ሰው የሚሆን ደንብ አልነበረም። ጠየቅኋቸው፤ እንዴት ብለው እንደሚያስገቡት አላወቁም። እኔም አላወቅሁ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ከዳባት ዘመዶቼ ጠላው ተጠምቋል፣ ቀሳውስቱም ተነግሯቸዋል ብለው ላኩብኝ። ልጄን ለመንሁት። እንደ ልጅነቱ ራሱን ይዤ ለመንሁት።

«በአንድ ነገር እመጣለሁ» አለኝ።

«በምን?»

«ከመጀመሪያው ባቄላ በኋላ ሰዎቹን በትኛቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«የኔ ጌታ፣ እነዚያ ሰዎች አይበተኑም ነበር። አንተም ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃለሁ። ለአንድ ጊዜ። የሚቻል መሆኑን ልየውና እመጣለሁ።»

መምህሩ ተጠራ። ቀትር ነበር፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐዩ ቁርበቱ ላይ ወድቋል። ሰዎቹን አወጣኋቸው፣ አቆምኋቸው። የመጀመሪያው ባቄላ ነጥሮ አለፈ። ተራዬ ሆነ።

ሴቶቹን አነሣሁ። ወደ ጥዱ ሥር ወሰድኋቸው። ሽማግሌዎቹን፣ ከመሐላቸው ያለውን አንካሳም ሳልረሳ፣ ከካቡ ኋላ አደረግኋቸው። ሁለተኛው ባቄላ ገደል ገባ። ቀሳውስቱን አነሣሁ፤ እነሱን ሳነሣ እጄ ከበደኝ፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ ነውና። ቀሩ ቃሬዛውን የያዙት አራቱ። አራት ገብስ፣ በክብሪት እንጨቱ አራት ማዕዘን።

«እነሱስ?» አለ ልጄ።

«እነሱን እኔ አልችልም። አንተ አንሣቸው።»

አንዱን አነሣ፤ ከካቡ ኋላ አኖረው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። የፊተኛውን፣ የቀኙን፣ ሲያነሣው በሁለት ጣቱ ያዘውና ቀረ። መምህሩ ባቄላውን ይዞ አጎንብሷል።

«አስቀምጠው» አለው መምህሩ።

«ቆይ።»

«የያዝኸው ገብስ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ደንብ ነው።»

«ልቀቀው አንተ።»

ባቄላው ወደቀ። ከክብሪት እንጨቱ ላይ ወደቀና እንጨቱን ወደ ጎን አሽቀነጠረው። በዙሪያው ማንም አልነበረም። ገብሶቹ ከጥዱ ሥርና ከካቡ ኋላ ሁሉም ደኅና ናቸው።

«ማንም አልሞተም» አለ መምህሩ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ደስ ብሎት ነበር። «አየህ? ማንም። ይቻላል።»

እኔ የልጄን ፊት አይ ነበር። ለጥቂት ጊዜ በርቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ወደ ክብሪት እንጨቱ ተመለከተ። መንገዱ መሐል ብቻውን ተጋድሟል።

«አባየን ጥለውት ሄዱ ማለት ነው» አለ።

«ሙት ነው እኮ» አለ መምህሩ።

«ከመንገድ ላይ ጥለነው ሮጥን። እኔም ጋሼም።» ጣቶቹን አልከፈተም። «ይቻል ነበር እንግዲህ። ይኸን ብናደርግ ይቻል ነበር። ይኸን ደግሞ አናደርገውም ነበር። አሁን ሂጄ መቃብሩ ላይ ምን ብዬ ልቁም?»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አልሁት።

«እማየ፣ አልችልም።»

ከዚያ በኋላ አልለመንሁትም። መምህሩ ሹራቡን ቆልፎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ቆልፎ ወጣ።

ብቻዬን ሄድሁ። ደባርቅ መናኸሪያ ረዳቱ «እማማ ዛሬ ፊትዎ ልክ አይደለም» አለኝና ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ዳባት ወርጄ ከዘመዶቼ ጋር በእግር ወደ መንደሩ ወረድን። ሰው ጥቂት ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ ያኔ ደጃፌ ላይ የተከራከሩት፣ አሁን አንደኛው ብቻ ናቸው የቀሩት። ጠመንጃ አይተኮስም ተባለ። ማንም አልተከራከረም።

ቀሳውስቱ መቃብሩ ላይ ጸሎት ጀምረው ሳሉ ከሩቅ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ። አገሩ ዛሬም እንዲያው ነው፤ አንዱ ያበቃል፣ ሌላው ይጀምራል፤ ማን በማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ትተናል። ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ረዥም። ዜማው አልተቋረጠም። ግን ሁላችንም ሁለተኛውን ስንጠብቅ ይታወቀኛል። የሴቶቹ ትከሻ ይታየኛል፤ እንደ እንጨት ደርቋል። ካቡ ቅርብ ነበር። ጥዱም እዚያው አለ። አሁን ሂዱ፣ አሁን ተራችሁ ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እግሬን ግን አላነሣሁም። ሌላውም አላነሣ። ቁመን ጠበቅን።

ሁለተኛው አልመጣም። ወይም ሌላ ቦታ ሄደ። ጸሎቱ አለቀ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሰው ስለ ዝናቡ ተጫወተ። የታላቁ ልጄን መቃብር በእጄ ደባበስሁት፤ አረም በቅሎበታል፤ ነቀልሁለት። ወንድምህ ያልመጣው በክፋት አይደለም አልሁት። 

ደባርቅ ስመለስ ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቁርበቱ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ተደግፏል። ስልቻዬን እንዳወረድሁ ጠየቀኝ።

«ተተኮሰ?»

«አልተተኮሰም። አይተኮስም ተባለ።»

«ከማዶስ?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ግን ድምፁ ደባርቅም ተሰምቶ ይሆናል ብዬ «አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ» አልሁት።

አንገቱን አዞረ፤ ደኅናው ጆሮው ወደኔ መጣ። «ሰዉስ? ሮጠ?»

«አልሮጠም።»

«አንችስ?»

«እኔም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያውቀውን ነገር እንደነገሩት ሰው። አልተቆጣኝም። ተነሥቶ ቁርበቱን ዘረጋው፣ ጨርቁን ከሥሩ ጠቀጠቀ፣ ተራራው ተነሣ። ቆርቆሮውን ከቦታው አደረገ፣ ድንጋዩን፣ የወይራውን ቅርንጫፍ፤ ደርቆ ነበርና አዲስ ቆርጦ አኑሯል። እኔ በሌለሁ ጊዜ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ቅርንጫፍ ፍለጋ። ለዚህ ብቻ ነው የወጣው።

ከስልቻዬ ገብስ ዘገንሁ። ለፊተኛው፣ ለቀኙ፣ ደኅና ፍሬ መረጥሁ። ያቺን የያዛትን ፍሬ የት እንዳደረጋት አልጠየቅሁትም፤ ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ ናት መሰለኝ፣ አልፎ አልፎ እጁን ይሰዳል።

መምህሩ ገባ፤ ደኅና ገቡ እማማ፣ እግዜር ያጽናዎ አለኝ፣ ሳይቀመጥ ባቄላውን አነሣ። የጉልበቴን ሕመም ረሳሁት። ሌላ ቦታ ልጄ የለም። የሚገኘው እዚህ፣ ከዚህ ቁርበት ዳር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ተቀመጥሁ።

ጣቱን ቁርበቱ ላይ መታ መታ አደረገ። ባቄላው ከትከሻ ቁመት ወርዶ ከድንጋዩ በላይ አለፈ።

«እማየ፣ የሰዎቹ ተራ ነው» አለኝ።

አነሣኋቸው። ትንሽ አስኬድኋቸው። ምዕራፉ ላይ አቆምኋቸው።